የጉድጓዱ አነጋጋሪ

ሴትዮዋ መጎናጸፊያዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ሌላ እጇን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ትሮጣለች። ከፊት ከፊቷ የሚሮጠው ወታደር ጦሩን የሆነ ቦታ ጥሎ ባዶ እጁን ነው የመጣው። ይህንን ያየችው ገና በሩቅ ነው። ወታደር ጦሩን ጥሎ የሚመጣው ምን ቢደርስ ነው?

«ሞቷል አይደል? አትደብቀኝ፣ ልጄ ሞቷል!»

«ኧረ አልሞተም፣ እሜቴ! ብቻ ይፍጠኑ!»

«ካልሞተ ለምን ታስሮጠኛለህ?»

ወታደሩ ሩጫውን ጨመረ።

የሰፈሩ ሰው «ወይኔ» ይላታል። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ደመና ስታይ ጎርፍ፣ ሰው ሲያስነጥስ ቀብር፣ በር ሲንኳኳ መርዶ የሚታያት ሴት ስለሆነች፣ ከአፏ የማይጠፋው ቃል ስሟ ሆኖ ቀረ። እሷም አልተቀየመችም። «ይሳቁ፤ እኔ የማውቀውን አውቃለሁ» ትላለች። በዚያ ዓመት ደግሞ የፈራችው ሁሉ ደረሰ። ጠላት ይመጣል አለች፣ መጣ። ወንዙን ይነጥቁናል አለች፤ ከቅጥሩ ውጭ ቦይ ቆፍረው ወንዙን ወደ ሌላ ሸለቆ መለሱት። ባሏ በከበባው መጀመሪያ ግንቡ ላይ ወደቀ። አሁን የቀራት አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ከምድር በታች ነው።

የሚሮጡበት መንገድ ግራና ቀኙ አፉን እንደከፈተ ነው። አንድም ቤት መዝጊያ የለውም። ልጇ የሚቆፍረው ጉድጓድ አፈሩ ልል ስለሆነ፣ እንዳይናድ ዙሪያውን በጣውላ መደገፍ ነበረበት፤ የከተማው ጣውላ ግን ተማግዶ አልቋል። ስለዚህ ሰው የየቤቱን መዝጊያ ከማጠፊያው እየነቀለ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። እሷም የራሷን ሰጥታለች። ሲነቅሉት ቆማ እያየች «በሉ እንግዲህ፣ ከጠላት የተረፍኩትን ሌባ ይጨርሰኝ» ብላ ነበር።

ጉድጓዱ ያለው በፍርድ ቤቱ ግቢ መሀል፣ ንጣፍ ድንጋዩ በተነቀለበት ቦታ ላይ ነው። ገመዱ የሚጠመጠምበት መዘውር የቆመው ዳኛው ይቀመጡበት በነበረው መድረክ እግሮች ላይ ነበር። ወታደሮቹ መዘውሩን ይዘው ያለ ሥራ ቆመዋል። አዛዣቸው፣ ጺሙ ገና በቅጡ ያልሞላ መቶ አለቃ፣ ሲያያት ቀይ የማዕረግ መቀነቱን አስተካክሎ እጅ ነሣ።

«እንኳን ደረሱ፣ እሜቴ። ልጅዎ ደህና ነው። ግን አልቆፍርም ብሏል።»

«ታሟል!»

«አልታመመም። የተቆጣው በእኔ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉድጓድ ቆፋሪዎች ዘንድ ከዶማውም ከገመዱም በፊት የሚወረስ አንድ ሥራ አለ፤ አነጋጋሪነት። ቆፋሪው ከታች ሲቆፍር፣ አንድ ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ የሚያየውን ይነግረዋል። የታችኛው በየመሀሉ «እህ» ይላል። «እህ» ማለቱ ከደከመ አየሩ ከፍቷል ማለት ነውና ጎትተው ያወጡታል። የሚነገረው ግን እንዲሁ ወሬ አይደለም፤ ሕግ አለው። መልካም ነገር ብቻ ይነገራል፤ እሱም እውነት የሆነው ብቻ። ክፉ ወሬ የቆፋሪውን ልብ ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ትንፋሹ የፈጠነ ደግሞ ያለችውን አየር ቶሎ ይጨርሳታል። ውሸትም አያዋጣም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ከዚያች ድምፅ በቀር የሚሰማው ስለሌለ፣ በድምፁ ውስጥ ያለችውን ስንጥቅ ይለያል።

የዚህ ጉድጓድ አነጋጋሪ አማቷ፣ የባሏ አባት ነበሩ። እሳቸው በጉልበታቸው ዘመን በዚህ አገር ያልቆፈሩት ጉድጓድ የለም። ትናንት ጎተራው ሲቃጠል ገመድ ለማትረፍ ጭስ ውስጥ ገብተው ድምፃቸው ተዘጋ። አሁን ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ጉሮሯቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

«እና እኔ ተተካሁ» አለ መቶ አለቃው። «ይህ ምን ይከብዳል ብዬ። በርታ! ጠላት ሸሽቷል! ድል የእኛ ነው! አልኩት።»

«እሱስ?»

«ጠላት ከሸሸ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ፣ አውጡኝ አለኝ።»

መዘውሩን ከያዙት አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። መቶ አለቃው ግን አልሳቀም። «ከዚያ፣ እናቴን ካላመጣችሁ ዶማ አልነካም አለ። እሜቴ፣ የምሽጉ አዛዥ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ ካልተገኘ፣ ነገ በሩ ይከፈታል።»

በወንዙ ታችኛ ዳር ያለችው ከተማ በሯን ለጠላት ከፍታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ወገን ጢስ እንጂ ሰው አልመጣም።

ሴትዮዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። ጥልቀቱ ዓይኗን ወደ ውስጥ ሳበው። የከተማው መዝጊያዎች ዙሪያውን ተደርድረው፣ ከነቀለማቸው፣ ከነማንኳኪያ ቀለበታቸው ወደ ታች ይወርዱና ጨለማው ይውጣቸዋል። ከታች አንዲት የፋኖስ ጭላንጭል ትታያለች።

«ልጄ!»

«አቤት እማዬ።» ድምፁ ከምድር ሆድ ነው የመጣው።

«ውጣልኝ! የዚህ ነገር መጨረሻው...»

የአማቷ ሻካራ መዳፍ አፏን ዘጋው። ገመድ ገመድ ይሸታል።

«ጥሩ ነገር ብቻ፣ እማዬ» አለ ልጇ ከታች።

«እኔ ጥሩ ነገር የት አውቄ? ሰው አጣህ? ልብስ ሰፊዋን አታስጠራም? እሷ ቤቷ ሲቃጠል እንኳ ሞቀኝ የምትል ሴት ናት!»

«ለዚሁ ነው እኮ። ለእሷ ሁሉም ጥሩ ነው። አንቺ ግን ጥሩ ነው ካልሽ፣ በእርግጥ ጥሩ ነው። በይ፣ ምን ታያለሽ?»

ቀና አለች። መጀመሪያ ያየችው የለመደችውን ነው። ከቅጥሩ ማዶ የጠላት ጢስ አለ። ከግንቡ ጥግ ቃሬዛ ይወርዳል። በጥላው ሥር የተቀመጡ ሴቶች ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አማቷ ቀስ ብለው አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩት።

«እ... ጫማ ሰፊው አለ» አለች። «ግንቡ ሥር ተቀምጦ የወታደሮቹን ጫማ ይሰፋል። ክር ስላለቀበት የሚስቱን መጋረጃ እየተረተረ ነው።»

«እህ። ሚስቱ ታውቃለች?»

«አጠገቡ ሆና የምትተረትርለት እሷ ናት።»

ከታች ዶማ አንድ ጊዜ መሬት መታ። መቶ አለቃው ትንፋሹን ለቀቀ።

«ሌላስ?»

«ቤቶቹ... ቤቶቹ ሁሉ መዝጊያ የላቸውም።» እዚህ ላይ ቆም አለች፤ ከመጥፎው ወገን ሊሆንባት ነበር። ከዚያ ከግቢው አጥር ባሻገር ያለው የልብስ ሰፊዋ ቤት ታያት። «የልብስ ሰፊዋ የብር ማንኪያዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ከመንገድ ይታያሉ። መዝጊያዋን ከሰጠችበት ቀን ጀምሮ እዚያው ናቸው። ሰው እየተራበ ያልፋል፣ ያገድማል። አንድም አልጎደለም።»

«ድሮም ሰው እንዲያይላት ነው ያስቀመጠቻቸው» አለ ልጇ፤ ዶማው ግን እየፈጠነ ነበር።

ሌባ ይገባል ብላ የራሷን ደፍ ስትጠብቅ የሰነበተችው ሴት፣ ይህን ነገር ከራሷ አፍ ስትሰማው ገረማት። እውነት ነው። በዚህ ሁሉ ቀን፣ በዚህ ሁሉ ረሃብ፣ መዝጊያ በሌለበት ከተማ አንድ ሰው ተሰረቅሁ አላለም። ይህን እንዴት ሳታየው ቀረች?

«ዳኛው ደግሞ...»

«ዳኛው ምን ሆኑ?»

«አፈር እያመላለሱ ነው። ከጉድጓድህ የወጣውን አፈር፣ በካባቸው ቋጥረው።»

«እማዬ፣ ሕጉን እንዳትጥሺ።»

«በአባትህ አፅም! ያ ወርቀ ዘቦው ካባ! እንዲያውም እያላባቸው ነው።»

ዳኛው በዚያው ጊዜ አጠገቧ እያለፉ ነበር። ቆም ብለው ወደ ጉድጓዱ አጎነበሱ። «እውነቷን ነው፣ ፍልፈል» አሉ በቅጽል ስሙ ጠርተው። «ምስክርነቷን ተቀብያለሁ።» ወታደሮቹ ሁሉ ሳቁ። ከጉድጓዱም ሳቅ ወጣ፤ እንደ ትልቅ ደወል ከሥር ወደ ላይ።

ከፀሐይ ወደ ጨለማ ክፍል የገባ ሰው መጀመሪያ ምንም አይታየውም፤ ዓይኑ እስኪለምድ ከታገሠ ግን ወንበሩም፣ ሣጥኑም፣ ጥግ የተቀመጠውም ሰው አንድ በአንድ ይገለጥለታል። እሷም እንዲሁ ሆነች። ነገሩ ሁሉ ድሮም እዚያው ነበር። ወታደሮቹ መዳፋቸው ተልጦ መዘውሩን በክርናቸው ይገፋሉ። የምታጠባ ሴት የራሷ ልጅ እንኳ የማይጠግበውን ጡት ለጎረቤቷ ሕፃን አካፍላለች። እሷ የምታየውን ትናገራለች፤ ባልዲው በአፈር ተሞልቶ ይወጣል፣ ባዶውን ይወርዳል፤ ልጇ «እህ» ይላል። ጥላው እየረዘመ ሄደ። አንድ ጊዜ እንኳ ብብቷ ሥር ያለውን ነገር አልዳሰሰችም። ልጇ ወደዚህ ጉድጓድ መጀመሪያ የወረደ ቀን ከሣጥኗ አውጥታ ያጠፈችው፣ ከዚያ ወዲህ ከገላዋ ያልለየችው፣ የሌላ ሰው እጅ ያልነካው ነጭ ጨርቅ ነው። የልጇ መገነዣ እንዲሆን ነበር ያዘጋጀችው። ለማንም አልተናገረችም። አማቷ ግን ያውቃሉ፤ ሽማግሌ ምን ያመልጠዋል?

የጠላት መድፍ ያን ጊዜ ጮኸ።

ጥይቱ ያረፈው ግንቡ ላይ ነው፤ ምድሪቱ ግን እንደተመታ በሬ ተንቀጠቀጠች። ከጉድጓዱ ውስጥ የጣውላ ጩኸት፣ ከዚያ የአፈር ናዳ ድምፅ ተሰማ። የፋኖሱ ጭላንጭል ጠፋ። አቧራው እንደ ትልቅ እስትንፋስ ወደ ላይ ወጣ።

«ሳቡት!» አለ መቶ አለቃው። በልጇ ወገብ ላይ የታሰረውን ገመድ ራሱ ያዘ። ገመዱ ተወጠረና አልነቃነቅ አለ።

አማቷ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። የተቀበረን ሰው መጎተት ለሁለት መክፈል ነው። ወታደሮቹ ገባቸውና ቆሙ። ሽማግሌው ወደ እሷ ዞረው አፋቸውን ጆሮዋ ላይ አደረጉ። የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ማንን ነው የማናግረው?» አለች። እጇ ብብቷ ሥር ገብቶ ነበር።

«መመለስ ያቃተው ሰው መስማት አያቅተውም። ዝም ካልሽ ብቻውን ነው።»

አውቄው ነበር ብላ መጮህ ፈለገች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ጩኸት ደረቷ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ እዚያ ታች ካለ ይህን ጩኸት ይሰማል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል። ዋጠችው። ሲወርድ እንደ ድንጋይ ነበር።

«አቧራው እየወጣ ነው» አለች። ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም። «ፀሐይ አግኝቶት ወርቅ መስሏል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

መልስ የለም።

«መቶ አለቃው ገመድህን እጁ ላይ ጠምጥሞታል። እጁ ይደማል፤ አልለቀቀም። ዳኛው በሆዳቸው ተኝተው የላይኛውን ጣውላ በትከሻቸው ደግፈዋል፤ ድንጋይ እንዳይወርድብህ። መድፉ ሲጮህ አንድም ሰው ከዚህ ግቢ አልሸሸም። ሰማኸኝ? አንድም ሰው።»

መልስ የለም። የምታየው አለቀባት። ዓይኗን ጨፈነች፤ በጨፈነው ዓይኗ የታያትን ደግሞ ሕጉ ይፍቀድ አይፍቀድ ሳትጠይቅ ተናገረች።

«የእኛ መዝጊያ እዚያ ታች ከአንተ ጋር ነው። ትናንት ነው ያወረዱት። ከውስጥ በኩል፣ ታች ከጥጉ፣ በልጅነትህ በከሰል የሳልካት ፈረስ አለች። ልጠርጋት ብዬ ስንት ጊዜ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ቆሜያለሁ። አባትህም ተያት አለኝ፣ እኔም ተውኳት። ጥሩ ፈረስ ነበረች...»

«እማዬ።»

ድምፁ ከብዙ ጨርቅ በታች እንደሚናገር ሰው ነበር።

«እማዬ... በሬ ነው።»

መቶ አለቃው ገመዱን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ዳኛው በሆዳቸው እንደተኙ ያለቅሱ ይስቁ አይታወቅም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሴትዮዋ መሳቅም ማልቀስም አልቻለችም።

«በሬ ይሁን! ቀንድ የታለው ታዲያ?»

«ቀንዱን ኋላ እደርስበታለሁ ብዬ ነው። መዝጊያችን ዘሞ ጀርባዬ ላይ ቆሟል፤ አፈሩን ይዞልኛል። እጄ ነፃ ነው። ባልዲ አውርዱ።»

አወረዱለት። የተናደውን አፈር በመዳፉ እየዛቀ ሞላላቸው፤ ሳቡ፤ ደግሞ አወረዱ፤ ደግሞ ሳቡ። ወገቡ ላይ ያለው ገመድ መላላት ጀመረ። መዝጊያውን ወደ ጎን ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አስደገፈው። መቶ አለቃው «አሁን እናውጣህ» ሲል፣ ከታች ሌላ ነገር ተሰማ።

«ቆዩ እስኪ። እግሬ ቀዘቀዘኝ።»

«ወይኔ!» አለች እናቱ።

ሳታስበው ነው የወጣት። አባቷም እናቷም ሲሞቱ አጠገባቸው ነበረች፤ ሁለቱም እግሬ ቀዘቀዘኝ ብለው ነው የጀመሩት። ሞት ከእግር ነው የሚነሣው። «ሳቡት! እየሞተ ነው፣ አውጡልኝ!» ብላ መዘውሩ ላይ ተንጠለጠለች።

አማቷ ግን ተነሥተው ነበር። ያለ ሰው ድጋፍ፣ ያለ ዱላ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የጠፋው ድምፃቸው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ሻካራ ሆኖ ወጣ።

«እስከ የት?»

«እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣ አያቴ። አሁን አልፎታል።»

ያን ጊዜ ነው የገባት። የገባትም ከሁሉ በኋላ ነው፤ ወታደሮቹ ቆባቸውን ካወለቁ፣ ሴቶቹ ከጥላው ከተነሡ በኋላ። ጩኸት ግን አልነበረም። የደረሰውን ነገር በድምፅ እንዳይሰብሩት የፈሩ ይመስል፣ ያ ሁሉ ሰው በጫማው ጫፍ ተራምዶ መጥቶ ዙሪያውን ቆመ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከምድር ሥር የሚመጣው ድምፅ በግልጽ ተሰማ፤ ቀጭን፣ ያልተቋረጠ፣ እንደ ሕፃን የአፍ መፍቻ ወሬ። ይህን ሁሉ ዘመን ከእግራቸው በታች ሲሄድ ነበር ማለት ነው። እነሱ በላዩ ሲካሰሱ፣ ሲፈርዱ፣ ሲጠሙ፣ እሱ እዚያ ነበር።

«እማዬ፣ እስኪ አሁን እኔ ልንገርሽ» አለ ልጇ። «ፋኖሱ ጠፍቷል፤ ግን ይታየኛል። ሰማዩ እግሬ ሥር ነው።»

«ምን?»

«እግሬ ሥር። ክብ ሆኖ፣ እንደ ሳህን። መሀሉ ላይ ትንሽ ጥቁር ነገር አለች። ራስሽ መሰለኝ። እስኪ ነቅንቂው።»

ነቀነቀችው።

«አንቺ ነሽ» አለ። «እማዬ፣ እግሬ ሥር ነሽ፤ ከሰማዩ ጋር።»

የመጀመሪያው ባልዲ የወጣው ፀሐይ ግንቡ ላይ ሆና ነው። ውሃው ቡናማ ነበር፤ ግማሹ ጭቃ። ሕፃን የያዘችው ሴት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«ማጥለያ ያስፈልጋል» አለ መቶ አለቃው። «ንጹሕ ጨርቅ ያለው ሰው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በዚያች ከተማ ለቁስል ያልተቀደደ ጨርቅ አልቀረም። የዳኛው ካባ አፈር ሆኗል፤ የጫማ ሰፊው መጋረጃ ክር ሆኗል።

ሴትዮዋ እጇን ብብቷ ሥር ሰደደች። አማቷ አዩዋት፤ ዓይናቸውን መልሰው ወደ መሬት ጣሉ። እጥፉን አውጥታ ዘረጋችው። ረጅም ነበር፤ የአንድ ሙሉ ሰው ቁመት። አንዱን ጫፍ ራሷ ያዘች፣ ሌላውን ጫማ ሰፊው ያዘ፤ ወታደሮቹ ባልዲውን ዘነበሉት። ጭቃው ከላይ ቀረ። ከሥሩ የወረደውን ሰው ሁሉ አየው፤ ምንም ቀለም አልነበረውም።

መቶ አለቃው በተላጠ እጁ የጨርቁን ጠርዝ ዳሰሰ። «እንዲህ ያለ ነጭ ጨርቅ በዚህ ዘመን! እሜቴ፣ ለምን አስቀምጠውት ነበር?»

ውሃው በጣቶቿ መሀል ይወርዳል።

«ለክፉ ቀን» አለች።

ከቅጥሩ ማዶ የጠላት ጢስ አሁንም አለ። አይታዋለች። የልጇ ገመድም አንድ ቦታ ላይ ሳስቷል፤ እሱንም አይታዋለች፤ ሲያወጡት እንዲቀየር ለወታደሮቹ ነግራለች። ጨርቁን ለሌላ ሴት አስይዛ እርጥብ እጇን መጎናጸፊያዋ ላይ ጠረገች።

«እማዬ!» አለ ድምፁ ከሥር። «ዝም አልሽ እኮ። ምን ታያለሽ?»

ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። ቀና ብላ ግቢውን በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብላ አየችው።

«ብዙ ነው፣ ልጄ» አለች። «ከየቱ ልጀምርልህ?»